የትኛው 1969?

የካቲት 18 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ጾም ገባ፣ ሰርግ ቆመ። እንደኔ በሰርግ ቪዲዮ ለሚተዳደር ሰው ሃምሳ አምስቱ ቀን ጉልበትም ኪስም የሚያርፍበት ጊዜ ነው። የጥርን ዘጠኝ ሰርጎች አቀናብሬ አስረክቤያለሁ፤ አንዱ ብቻ ተመልሶብኛል፣ የሙሽራዋ እናት «እኔ የጨፈርኩበት ተቆርጧል» ብለው። እሱን ነገ አስተካክዬ እሰጥና እስከ ፋሲካ ማታ ማታ የራሴን ፊልም እሠራለሁ። ማስታወሻ የምይዘው ባለፈው ዓመት እንዲሁ ጀምሬ ከምን እንዳደረስኩት ስለጠፋኝ ነው።

መነሻው የአክስቴ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ባሏ ጋሼ ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። በአንድ ቴአትር ቤት የባህል ቡድን ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨርሰው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ከሰባት ዓመት በፊት አረፉ። ቆርቆሮው ውስጥ አራት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎችና አንድ ካሴት አሉ። በአንደኛው ሰባት ሰዎች በአውሮፕላን ደረጃ ሥር ተደርድረዋል። በሁለተኛው ጋሼ ማሲንቋቸውን ይዘው ገና ሣር ባልበቀለበት አዲስ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ሦስተኛው ስታዲየም ነው፤ ከሕዝቡ ራስ በላይ በረጃጅም እንጨት ላይ የቆሙ ሰዎች ይታያሉ። አራተኛው የጋሼ ብቻ ነው፣ ደረታቸው ላይ ክብ ነገር ተሰክቷል። ጽሑፍ ያለው በዚህ በአራተኛው ጀርባ ነው፦ «በአፍሪካ የባህል ፌስቲቫል ላይ፣ 1969»።

ጋሼ ስለዚህ ጉዞ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ወሬ አዋቂ ሰው ነበሩ፤ ወሎ ለሰርግ ሄደው በቅሎ የጣላቸውን ታሪክ ብቻ ሃያ ጊዜ ሰምቻለሁ። አውሮፕላን ተሳፍሮ ለአፍሪካ መጫወት ከበቅሎ መውደቅ አንሶ ነው?

ኮምፒውተሩ ላይ ፌስቲቫሉንና 1969ን ጻፍኩ። ወዲያው አልጀርስን ሰጠኝ። ርዕሴን አገኘሁ ማለት ነው።

የካቲት 23፣ እሑድ

ፎቶግራፎቹን በካሜራ ማንሳት ጀመርኩ። ስካነር ለጊዜው የለኝም። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፣ እንዳይጠቀለል ንጹሕ መስታወት ይጫነዋል፣ ሁለት መብራቶች ከግራና ከቀኝ በአርባ አምስት ዲግሪ ያዩታል፣ ካሜራው ከላይ ቁልቁል ይመለከታል። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ምስሎች ላይ ከጋሼ ፊት ይልቅ የእኔ ካሜራ ነጸብራቅ ጎልቶ ወጣ። ጥቁር ጨርቅ መሐሉን ቀድጄ ሌንሱን ብቻ በቀዳዳው አሳየሁትና ጸዳ። ለዚህ አራት ሰዓት ፈጀሁ።

ሰርግ ላይ ካሜራዬ አይቆምም፤ ይዞራል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። የቆመ ፎቶ ሳይ እጄ ያሳክከኛል። ዛሬ በየፎቶው ላይ እየቀረብኩና እየራቅኩ ብዙ እንቅስቃሴ ሠራሁ። ነገ አብዛኛውን የምጥለው ይመስለኛል።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ደቂቃ ተቀናበረ። ራሴን ማመስገን ልማዴ አይደለም፤ ይህ ግን ጥሩ ነው። የአልጀርሱ ፌስቲቫል የተከፈተው እንደ ፈረንጆች ሐምሌ 21 ቀን 1969 ነው፤ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ባረፈች ማግስት። ፊልሜም በጨረቃ ይጀምራል፦ ጥቁር ሰማይ፣ ነጭ ክብ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የማሲንቆው ገበታ በቦታው ይተካል። ጓደኛዬ ሲያየው ዝም አለ፤ እሱ ዝም ካለ ወዶታል።

ታሪኩም ለእኛ ቅርብ ነው። ፌስቲቫሉ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሥር የተዘጋጀ ነው፣ ድርጅቱ ደግሞ የእኛው ከተማ ነዋሪ ነው። ነጻ የወጡት ሀገሮች ብቻ ሳይሆኑ ገና በመዋጋት ላይ የነበሩ የነጻነት ንቅናቄዎችም አልጀርስ ገብተው ነበር። ሚርያም ማኬባ ዘፈነች፣ ኒና ሲሞን ዘፈነች፣ አርቺ ሼፕ ሳክስፎኑን ይዞ ከቱዋሬግ ሙዚቀኞች ጋር ተጫወተ። ጋሼን ከእነዚህ ሁሉ አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

ትንሽ የሚከነክነኝ ካሴቱ ነው። በፈረንጆች 1969 አንድ ማሲንቆ ተጫዋች የካሴት መቅረጫ ከየት አመጣ? ተውኩት። ምናልባት ዘግይቶ የተቀዳ ነው።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

አክስቴን ቀረጽኩ። ማቀዝቀዣው ስለሚያጉረመርም አጠፋሁትና መልሼ ማብራቱን እንዳልረሳ የቤቴን ቁልፍ ውስጡ አስቀመጥኩ፤ ይህ የቆየ ዘዴዬ ነው፣ ቁልፍ ሳልይዝ ቤት መግባት አልችልምና። ማይክሮፎኑን ነጠላዋ ሥር ደበቅሁት። ነጠላዋን በየደቂቃው ስለምታስተካክል ድምፁ ሁሉ ጨርቅ ሆነብኝ፤ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ በመጽሐፍ አስደግፌ አቆምኩት።

«ጋሼ ሲሄዱ ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

«እንዴት አይለኝ! ጥምቀትን አልዋለም። ከተጋባን የመጀመሪያው ጥምቀታችን ነበር። ሰው ሁሉ ከባሉ ጋር ጃን ሜዳ ሲወርድ እኔ ብቻዬን ወረድኩ። እናቴማ 'ይሄ አዝማሪ ጥሎሽ ሄደ' ብላ ከማልቀስ በቀር የቀራት አልነበረም።»

እጄ ካሜራው ላይ ቀረ። «ሐምሌ አልነበረም እንዴ?»

«ሐምሌ ምን ያደርጋል? በዚያ ጭቃ ማን ይሸኘዋል? ጥር ነው አልኩህ። ለመስቀል ተጋባን፣ ለጥምቀት ሄደ።»

ቀጥላ ስለ ሰርጓ ግማሽ ሰዓት ነገረችኝ፤ አልሰማኋትም። ስድሳ ዘጠኝ። ጋሼ በእጃቸው የጻፉት 1969 ነው፤ ጋሼ ደግሞ ዓመተ ምሕረትን እንጂ የፈረንጅ ዘመን ሲቆጥሩ ታይተው አያውቁም። ሰባት ልደምርበት፣ ስምንት ልደምርበት፣ የትም አያደርሰኝም፤ ጨረቃውን ይዞት ሄደ። መስከረም ሲጠባ አዲስ ዓመት የማከብር ሰው የገዛ አክስቴን ባል ጽሑፍ እንደ ፈረንጅ አነበብኩት።

ማታ ወጥቼ በሬ ላይ ስደርስ ቁልፉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ማቀዝቀዣውም እንደጠፋ ነበር። አክስቴ ስልክ የደወለችልኝ የጾም ወጧ ከመበላሸቱ በፊት ነው።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የስካነር ኪራይ ከፈልኩ። አራተኛውን ፎቶ በኢንች 2400 ነጥብ አነበብኩት። ደረታቸው ላይ ያለው ክብ ነገር በፎቶው ላይ ከምስር አይበልጥም፤ ሲጎላ ረዘም ያለ ፊት ሆነ፦ የተከደኑ የሚመስሉ ዓይኖች፣ ግንባሩ ላይ ሁለት ቋሚ መስመሮች፣ ከራሱ በላይ የጥርስ ረድፍ የሚመስል አክሊል።

በዛሬዋ ናይጄሪያ ውስጥ የነበረው የጥንቱ የቤኒን መንግሥት ንግሥት እናት የኢዲያ ጭምብል ነው። ጋሼ የሄዱት ሌጎስ ነው፤ ሁለተኛው የዓለም የጥቁር ሕዝቦችና የአፍሪካ የጥበብና የባህል ፌስቲቫል፣ ሰው ባጭሩ ፌስታክ የሚለው። እንደ ፈረንጆች ከጥር 15 እስከ የካቲት 12 ቀን 1977፤ በእኛ ከጥር 7 እስከ የካቲት 5 ቀን 1969 ዓ.ም.። ጥምቀት ጥር 11 ነው። አክስቴ ከኮምፒውተሩ ትበልጣለች።

ዘጠኙን ደቂቃ ወደ መጣያ ከመውሰዴ በፊት አንድ ጊዜ አየሁት። ጨረቃው አሁንም ያምራል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

አምስት ሌሊት ስለ ሌጎስ ሳነብ ቆየሁ። የገረመኝን ብቻ እዚህ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ፌስቲቫል በ1958 ዓ.ም. ዳካር ላይ በሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት በሴንጎር አስተናጋጅነት ተካሂዷል፤ ዱክ ኤሊንግተን ተጫውቶበታል፣ ጃንሆይም በእንግድነት ተገኝተውበታል። ቀጣዩን ናይጄሪያ ልታዘጋጅ ተረከበች፤ ግን የቢያፍራ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፣ ከዚያ የመሪዋ የጎዎን መውረድ፣ ከዚያ የተተኩት የሙርታላ መሐመድ መገደል። በመጨረሻ ያስተናገዱት ቀጣዩ መሪ ኦባሳንጆ ናቸው። በመሐሉ የነዳጅ ዋጋ ጣራ ነክቶ ናይጄሪያ ሀብታም ሆናለች፤ ሀብቱ ያመጣው የሲሚንቶ ግዢ ብቻ የሌጎስን ወደብ በመርከብ ዘግቶት ነበር። ለፌስቲቫሉ ሲባል ትልቅ ብሔራዊ ቴአትር ተሠራ፤ የሠሩት ቡልጋሪያውያን ናቸው፣ ቅርጹም ከሩቅ ሲያዩት የወታደር ኮፍያ ይመስላል። ዘመኑ የወታደር ስለሆነ ማንም አላፈረበትም። ለእንግዶቹ ማረፊያ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ያሉት ሰፈር ተገነባ፤ እስከ ዛሬ ፌስታክ ታውን ይባላል። የሁለተኛው ፎቶ ሣር አልባ ግቢ አሁን ገባኝ። አክስቴ «የተኛንበት ቤት ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፣ ነጭ ጃኖዬን አበላሸብኝ ብሎኛል» ብላኝ ነበር፤ የሰርጓን ወሬ ሳልሰማ ያሳለፍኩት ቀረጻ ላይ አገኘሁት።

የሦስተኛው ፎቶ ረጃጅም ሰዎችም ታወቁ። በመክፈቻው ቀን በሱሩሌሬ ስታዲየም የአርባ ስምንት ሀገር ልዑካን በሰልፍ ሲያልፉ አራት ሜትር በሚያህል እንጨት ላይ የቆሙ ተጫዋቾች ነበሩበት፤ አንድ ሺህ እርግብም ተለቀቀ። በጋሼ ፎቶ ላይ እርግብ የለም። እርግብ አልጨምርበትም።

ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን ጭምብሉ ነው። ኢዲያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዝሆን ጥርስ የተቀረጸች ናት። እንግሊዞች እንደ ፈረንጆች በ1897 ቤኒንን ሲያቃጥሉ ከዘረፉት መሐል ነች፤ አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ትቀመጣለች። የፌስታክን አርማ የሠራው ሠዓሊ ኤርሃቦር ኤሞክፓዬ እሷን መረጠ። ናይጄሪያ አውሱን ብላ ጠየቀች፤ ሙዚየሙ ጉዞውን አትችልም፣ ትሰባበራለች ብሎ ከለከለ። ቤኒን ውስጥ ቅጂዋ ተቀርጾ ተተካ። እንግዲህ አርማዋ በየሰዉ ደረት ላይ ሲዞር ባለቤቷ ራሷ ለንደን መስታወት ውስጥ ነበረች። የመቅደላ ታቦታት ያሉትም እዚያው ሙዚየም ነው። ጋሼ ይህን ያውቁ ይሆን ብዬ አሰብኩና ለፊልሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ ማታ ሰረዝኩት፤ ጠዋት መለስኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይቻላል። ሁለት ከሆነ ሌላ ፊልም ነው።

በዚያው ሰሞን የመክፈቻውን ተንቀሳቃሽ ምስል ለሚሸጥ የውጭ ድርጅት ጻፍኩ። ለአንዲት ደቂቃ የጠየቁኝ ገንዘብ የሁለት ሰርግ ገቢዬን ይበልጣል። ያለኝ አራት ፎቶ፣ አንድ ካሴትና አንዲት አክስት ነው። ፊልሙም በእነሱ ይሠራል።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

የካሴቱ ቀን። እስካሁን የፈራሁት ነገር ነው።

ሽፋኑን ስከፍት ክሩን ወደ ቴፑ ሄድ፣ ማለት ድምፁን ወደሚያነበው ክፍል፣ የሚገፋው ትንሽዬ የሱፍ ትራስ ሙጫው ደርቆ ወድቆ ተገኘ። ያለሱ ካሴት አያጫውትም፤ ክሩ ከሄዱ ርቆ የታፈነ ማጉረምረም ብቻ ይሰማል። የካሴቱ ዛጎል፣ የውጭ ቅርፊቱ፣ ደግሞ በብሎን የተገጠመ ሳይሆን የተጣበቀ ነው። ፒያሳ አውቀው የነበረው ቴፕ ጠጋኝ ሰፈሩ ሲፈርስ ተነሥቷል፤ ስልኩን ከሦስት ሰው አገናኝቼ አገኘሁትና ጀሞ ድረስ ሄድኩ። ሳያየው «በብሎን የሚፈታ አሮጌ ካሴት ይዘህ ና፣ ውስጡን እናዛውረዋለን» አለኝ። ከመርካቶ አንድ የመዝሙር ካሴት በሃምሳ ብር ገዝቼ ነበር። የመዝሙሩን ክር በክብር ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ሰውየው ምላጩን በስፌቱ ውስጥ አስገብቶ ሲያዞር እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለቱን ክብ ጥቅሎች እንደ እንቁላል በመዳፉ አነሣቸው፣ አዲሱ ዛጎል ውስጥ አስተኛቸው፣ አራት ብሎን አሠረ፣ በእስክሪብቶ ወዲያና ወዲህ አጠነጠነ። ከዚያ ቴፑን አስነሥቶ በቀጭን መፍቻ የሄዱን ብሎን በጥቂቱ ዞር አደረገ፤ በብርድ ልብስ ውስጥ እንደሚጮህ የነበረው ድምፅ ብርድ ልብሱን ጥሎ ወጣ። «ሲቀዳ ሄዱ ዘምሞ ነበር፤ ስንሰማውም እንደሱ መዝመም አለብን» አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ፊልሙ ውስጥ ላስገባው ፈልጌ ነበር፤ ግን ቦታው አይደለም።

ወደ ኮምፒውተር የገባው 31 ደቂቃ ነው። ጀርባው ገጽ ባዶ ነው። ከእኔ በቀር ማንም ሰምቶት እንደማያውቅ እገምታለሁ፤ አክስቴ ቤት ካሴት ማጫወቻ ከጠፋ ሃያ ዓመት ሆኖታል።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ሚርያም ማኬባን እጠብቅ ነበር። ያገኘሁት ከበሮ፣ የሕዝብ ጩኸት፣ የጄኔሬተር ድምፅ፣ ሰው ሲያስል፣ በፈረንሳይኛ አንድ ሰው ሌላውን ሲሳደብ፣ ደግሞ ከበሮ ነው። ጋሼ ሲጫወቱ አንዲት ደቂቃ እንኳን የለችበትም። እርግጥ ሲጫወቱ እንዴት ይቀዳሉ? እጃቸው ማሲንቆ ላይ ነው። የቀዱት የሌላውን ነው።

ሁሉም ነገር ግን ይሮጣል። ሰዎቹ እንደ ሕፃን ያወራሉ። መቅረጫው በደከመ ባትሪ ሲሠራ ክሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በደህና ቴፕ ሲጫወት ይፈጥናል። ምን ያህል ልቀንስ? ማሲንቆ ቢኖርበትም አይነግረኝም፤ ሰው እንደ ጉሮሮው ይቃኘዋል። መልሱን የሰጠኝ ጄኔሬተር ያልኩት ድምፅ ነው። የድምፅ ማጉያዎቹ የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ ኖሮ፤ የናይጄሪያ መብራት እንደኛው በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ ካሴቱ ላይ ግን 53.5 ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሰባት በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው። መልሼ አዘገየሁት። ከበሮው ወረደ፣ ሰዎቹ አደጉ። በሕይወቴ የመብራት ኃይልን ድምፅ ለመስማት እንዲህ ጓጉቼ አላውቅም፤ ሥራውን ስጨርስም የእኛው ጠፋ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አማርኛ አለ። ሦስት ቀን ስሠራበት ያልሰማሁት ከበሮው ስለሚሸፍነው ነው። የከበሮውን ወፍራም ድምፅ ስቆርጠው ሁለት ወንዶች ይሰማሉ።

አንዱ፦ «ከአዲስ አበባ ምን ተሰማ?»

ሌላው፦ «ዝም በል፣ ይቀዳል።»

ቀጭ። የቀረው አምስት ደቂቃ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ከበሮ ነው።

ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ከጓደኛዬ ጋር ተጣላን። ጉዳዩ ይህ ነው።

ሌጎስ ስትጨፍር አዲስ አበባ ምን ላይ እንደነበረች ማንም አንባቢ ያውቀዋል። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ፌስቲቫሉ ሃያኛ ቀኑን ሲይዝ፣ ጄኔራል ተፈሪ በንቲና አብረዋቸው የነበሩት የደርግ አባላት በቤተ መንግሥት ተገደሉ። ሌጎስም ብትሆን ጭፈራ ብቻ አልነበረችም። ናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲ በመጀመሪያ የዝግጅት ኮሚቴው አባል ነበር፤ ለመንግሥት ጌጥ አልሆንም ብሎ ወጣና የራሱን ፌስቲቫል በገዛ የሙዚቃ ቤቱ አደረገ፤ ከውጭ የመጡት ሙዚቀኞች ማታ ማታ ወደሱ ይጎርፉ ነበር። ፌስቲቫሉ የካቲት 5 ተዘጋ። የካቲት 11፣ እንግዶቹ ሀገራቸው ሲገቡ፣ ወታደሮች የፌላን ግቢ ካላኩታን ከበው አቃጠሉት። እናቱን ፉንሚላዮ ራንሶም ኩቲን፣ ያቺን ስመ ጥር ታጋይ፣ ከፎቅ መስኮት ወረወሯት፤ በቀጣዩ ዓመት ሞተች።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ከካሴቱ ድምፅ ጋር እንድሰፋው ይፈልጋል። «ከአዲስ አበባ ምን ተሰማ» የሚለው ሲሰማ ስክሪኑ ላይ በቀይ «ጥር 26» ብለን እንጻፍ ይላል። «ተመልካቹ ወንበሩን ይጨብጣል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይጨብጣል። ግን ካሴቱ ቀን አልተጻፈበትም። ጥር 20 ቢሆንስ? የጠየቀው ስለ ደመወዝ ቢሆንስ? ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ያለቀሰችበትን ቀረጻ መሐላው ላይ ስቀጥለው ማንም አይጎዳም፤ ሙሽራዋም ትወደዋለች። እዚህ ግን የሞቱ ሰዎች አሉ።

«በዚያ ዘመን 'ዝም በል' የሚባለው ስለ ደመወዝ አይደለም» ብሎኝ ካሜራውን አንጠልጥሎ ሄደ። ይህ ደግሞ ሲያድር ሠራብኝ።

በመጨረሻ እንዲህ አደረግሁ፦ ድምፁ በአሥረኛው ደቂቃ በጥቁር ስክሪን ላይ ብቻውን ይሰማል፤ ጽሑፍ የለውም። አክስቴ ሦስት ደቂቃ ታወራለች፣ ስለ ጃኖው ቀለም፣ ስላዩት ዓይነ ስውር አሜሪካዊ ዘፋኝ (ስቲቪ ዋንደር መሆን አለበት)፣ ሲመለሱ ስላመጡላት ጨርቅ። ከዚያ አራት ቀኖች አንድ በአንድ ይወጣሉ፦ ጥር 7 ሌጎስ፣ ጥር 26 አዲስ አበባ፣ የካቲት 5 ሌጎስ፣ የካቲት 11 ሌጎስ። ከእያንዳንዱ ሥር የሆነው ነገር በአንድ መስመር። የሚሰፋ ካለ ተመልካቹ ይስፋው።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ተራኪው እኔው ነኝ፤ ለሌላ የምከፍለው የለኝም። ቁምሳጥኑን ባዶ አድርጌ፣ ሦስት ጋቢ በጎንና በጎን ሰቅዬ፣ ውስጡ ተቀምጬ አነበብኩ። ድምፁ እንደ ስቱዲዮ ደረቅ ሆኖ ይወጣል፤ አንባቢው ግን በላብ ይርሳል። የመጀመሪያው ጽሑፌ «የአንድ አህጉር ልጆች በአንድ ጥላ ሥር» የሚል ነገር ነበረበት። ጮክ ብዬ ሳነበው የሬዲዮ የበዓል ፕሮግራም መሰለኝ። ከአራት ገጽ አንድ ተኩል ቀረ። የቀሩት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ጋሼ አንድ ነገር የሚያደርጉባቸው ናቸው፦ ይሳፈራሉ፣ ቀለም ይነካቸዋል፣ መቅረጫ ይዋሳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመለሳሉ።

ፎቶዎቹ ላይ የሠራሁትን መሽከርከር ሁሉ አወጣሁ። አንዱ ብቻ ቀረ፤ ከጋሼ ፊት ወደ አርማው የምትወርደው፣ በጣም በዝግታ። ጠቅላላው 17 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ

ፊልሙን ለአክስቴ ወሰድኩላት። ጉልባን ሠርታ ጠበቀችኝ። ላፕቶፑን ቡና ረከቦቱ ላይ አቆምነው፤ መነጽሯን አደረገች፣ የጎረቤት ልጆች ኋላችን ተቀመጡ። የአውሮፕላኑ ፎቶ ላይ ሰባቱን ሰዎች በየስማቸው ጠራቻቸው፤ አምስቱን «ነፍስ ይማር» አለቻቸው። ኢዲያ ስትመጣ «ይቺን ከኮቱ ላይ ፈትቼ ለልጅ መጫወቻ ሰጥቻታለሁ» አለች። የት እንደገባች አልጠየቅኋትም፤ እንደማልችለው አውቄ።

ጥቁሩ ስክሪን መጣ። ከበሮው። ከዚያ የእኔ ድምፅ፦ «ጋሼ ከሀገር ምን እንደተሰማ ይጠይቃሉ።» ከዚያ ሁለቱ ሰዎች።

«መልሰው» አለችኝ። መለስኩት።

«እንደገና።»

ሦስተኛው ላይ መነጽሯን አወለቀች። «ጠያቂው እሱ አይደለም። 'ዝም በል፣ ይቀዳል' ያለው ነው እሱ።»

«እቴቴ፣ እርግጠኛ ነሽ? የጋሼ ድምፅ ወፍራም...»

«ያንተ ጋሼ ድምፅ ነው ወፍራም፣ የሽማግሌው። ይሄ የኔ ባል ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው።» ትንሽ ቆይታ «ደግሞ መቅረጫው በማን እጅ ነው? እየተቀዳ መሆኑን ከእሱ በቀር ማን ያውቃል?» አለች።

ወር ሙሉ ይህን አላሰብኩም። በሰባት በመቶ ያዘገየሁት እኔ፣ የከበሮውን ድምፅ የቆረጥኩት እኔ።

ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችው። አራቱ ቀኖች ላይ ምንም አላለችም። ሲያልቅ ጉልባን ጨመረችልኝ፤ የጎረቤት ልጆች ሌላ ክፈትልን አሉ።

ቤት ገብቼ ቁምሳጥኑን እንደገና ባዶ አደረግሁ። አዲሱ ንባብ፦ «አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ምን እንደተሰማ ይጠይቃል። ጋሼ ዝም ያሰኙታል።» የሰፈር ውሾች ሁለት ጊዜ አበላሹብኝ፤ ሦስተኛው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ተሳካ። ከቀድሞው ሁለት ሰከንድ ይረዝማል። ቦታ እንዲያገኝ ከከበሮው ሁለት ሰከንድ ቆረጥኩለት።